ዋራንት ወጥቶብኝ ይሆን? አጣርቶ እስከ መዝጋት

ሰው ይዤ ፍርድ ቤት ስመላለስ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያኔ ቀጠሮው ላይ ሳልቀርብ ቀረሁ። ዋራንት፣ የመያዣ ትእዛዝ ማለት ነው፣ ወጥቶብኝ ይሆን እንዴ?» ይላል። እዚህ ጥያቄ ላይ እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት በስጋት አሳልፏል። መኪና ሲነዳ ዓይኑ ከኋላ መስታወቱ ላይ አይነቀልም። አዲስ አበባ ሄዶ እናቱን ሊጠይቅ ያስብና ይተወዋል። የዜግነት ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እሱን ለመሰሉም ሁሉ። አሜሪካ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነውን አስቤ ነው የጻፍኩት። ሌላ ስቴት ላላችሁም የወረቀቶቹ ስም ይለያይ እንጂ ቅደም ተከተሉ ያገለግላችኋል። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ጋ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ምን እንደምትጠይቁ ግን በደንብ አውቃለሁ።

ነገሩ ምንድነው?

ቤንች ዋራንት ዳኛው ችሎት ላይ ተቀምጦ የሚያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ነው። ፖሊስ ማስረጃ ሰብስቦ «ይህ ሰው ወንጀል ሠርቷል፤ ልያዘው» ብሎ ከሚያስወጣው ትእዛዝ ይለያል። ይሄኛው የሚመነጨው ከፍርድ ቤቱ ከራሱ ነው። ቀጠሮ ላይ አልተገኛችሁም። ወይም የተወሰነባችሁን ቅጣት አልከፈላችሁም። ወይም ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ በክትትል የሚፈጸም ቅጣት) ላይ ሆናችሁ የታዘዛችሁትን ክላስ አልጨረሳችሁም። ወይም በልጅ ማሳደጊያ ጉዳይ ተጠርታችሁ ቀርታችኋል። ስማችሁ ሲጠራ «አለሁ» የሚል ይጠፋል፤ ዳኛው ትእዛዙን ይፈርማል።

ዋራንት ጊዜ ስላለፈ አይከስምም። ወይ ሰውየው ተይዞ ይፈጸማል፣ ወይ ዳኛ ይሰርዘዋል። «አሥር ዓመት ሆነው፤ እስካሁን ተረስቷል» የሚለው አባባል ስንቱን ሰው ጉድ እንዳደረገ አይቻለሁ። አንዴ ተረስቷል የተባለው ወረቀት፣ የኋላ መብራት ተቃጥሎ ፖሊስ ሲያስቆም ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ይላል።

በሌላ በኩል፣ በማይሆን ነገር የሚጨነቅም ብዙ ነው። የፓርኪንግና የካሜራ ቲኬት ዕዳ ይቆልላል፣ መኪና ያስጎትታል እንጂ በተለምዶ ዋራንት አያስወጣም። ዲሲ ውስጥ ቀላል የትራፊክ ቲኬት የሚታየውም በዲኤምቪ (በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) እንጂ በፍርድ ቤት አይደለም። ሜሪላንድ ላይ ከሆነ ቲኬቱን ደህና አድርጋችሁ እዩት። አንዳንዱ ላይ መቅረብ ግዴታ እንደሆነ ተጽፏል፤ ጠጥቶ መንዳት ወይም በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት እንደዚህ ነው። ከእንደዚህ ዓይነቱ መቅረት ዋራንት ሊያመጣ ይችላል። የሚከፈለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወይ መክፈል ወይ ቀጠሮ መጠየቅ ነው። ዝም ማለት ግን ምርጫ ውስጥ የለም።

ስልክ ደውሎ የነገራችሁን አትመኑ

«ሸሪፍ ነኝ። ለጁሪ ተጠርተህ አልቀረብክም። ዋራንት ወጥቶብሃል። አሁኑኑ ካልከፈልክ መጥተን እንይዝሃለን።» ይህ ስልክ ደርሷችሁ ይሆናል። ሰውየው የባጅ ቁጥር ይነግራችኋል፤ ከጀርባው የራዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ ስልካችሁ ላይም የሸሪፍ ቢሮ ስም ይወጣል። ከዚያ ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን እንድታነቡለት፣ ወይም በዜል፣ ወይም በቢትኮይን እንድትልኩ ይጠይቃል።

ስልኩን ዝጉት። በጊፍት ካርድ ዋራንት የሚሰርዝ ፍርድ ቤት የለም። ስልክ ላይ የሚወጣ ስምና ቁጥር በቀላሉ ይመሰላል። እውነት መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ የፍርድ ቤቱን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ እንጂ በደወለላችሁ ቁጥር አትመልሱ። በተለይ ለወላጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። እነሱ «መንግሥት ደወለ» ከተባሉ ያላቸውን ይሰጣሉ።

ከመፈለግ በፊት ስማችሁን አስተካክሉ

እኛ ላይ ፍለጋው የሚበላሸው እዚህ ነው።

አሜሪካኖች ስምን የራስ፣ የመካከለኛና የቤተሰብ ብለው ይከፍሉታል። የእኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ ሌላው ላይ የአያታችሁ። ወልደ ማርያም አንዱ ጋ ተጣብቆ ይጻፋል፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ «ወልደ» መካከለኛ፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ይሆናል። ተስፋዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል ወይም ይጎድላል። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ያስገባችሁትን ፊደል ብቻ ይፈልጋል፤ ካጣ «የለም» ይላችኋል። እናንተም ንጹሕ ነኝ ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ስማችሁ የተጻፈበትን መንገድ ሁሉ ደርድሩ። መንጃ ፈቃዱን፣ ግሪን ካርዱን፣ ፓስፖርቱን፣ የድሮ ቲኬቱን አጠገባችሁ አድርጉ። የፖሊሱ የእጅ ጽሑፍ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካለ እሱንም ጻፉት፤ ሲስተሙ ውስጥ የገባው እሱ ሊሆን ይችላል።

የልደት ቀንም እንደዚያው ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተዛባ፣ ወይም በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ ብዙ ሰው አለ። ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ስለበዛ፣ በስምም በልደትም የሚመሳሰላችሁ ሌላ ሰው ዋራንት የእናንተ መስሎ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ከመደንገጣችሁ በፊት አድራሻውንና የተከሰሰበትን ቀን አመሳክሩ።

የኬዝ (የመዝገብ) ቁጥር ካላችሁ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረላችሁ። በኬዝ ቁጥር መፈለግ ከሁሉም ይቀላል።

የት ነው የሚፈለገው?

ዋራንት የሚገኘው ባወጣው ፍርድ ቤት ነው። የምትኖሩበት ሳይሆን ቲኬቱ የተሰጠበት ወይም ክሱ የተከፈተበት ቦታ ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ አርሊንግተን ላይ ከተያዛችሁ፣ መፈለግ ያለባችሁ አርሊንግተን ነው።

ሜሪላንድ «ጁዲሺያሪ ኬዝ ሰርች» የሚባል ነጻ የኢንተርኔት መፈለጊያ አለው። የዲስትሪክትም የሰርኪውት ፍርድ ቤትም ጉዳዮች እዚያ በስም ይገኛሉ። ቨርጂኒያም የጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶቹን ጉዳዮች በኢንተርኔት ያሳያል። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማና ካውንቲ የተለያዩ ናቸው። አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ሰፈር በሕግ የሚገኘው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ ከተማ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ፌርፋክስንም ሞክሩ። ዲሲ ደግሞ ሱፒሪየር ኮርት የራሱ የጉዳይ መፈለጊያ አለው።

ገንዘብ ከፍላችሁ «የማንንም ሪከርድ እናሳያለን» ከሚሉ የግል ድረ ገጾች ራቁ። መረጃቸው ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ የተዘጋውን ክፍት ያደርጉታል።

ጉዳያችሁን ስትከፍቱት የምታዩት ቋንቋ ይህን ይመስላል። «ፌይለር ቱ አፒር» ወይም በአጭሩ «ኤፍቲኤ» ካለ አልቀረባችሁም ማለት ነው። «ቤንች ዋራንት ኢሹድ» ካለ ወጥቷል። ቨርጂኒያ ይህንኑ «ካፒያስ» ትለዋለች፤ ዋራንት የሚል ቃል ስላላያችሁ አትዘናጉ። «ሪኮልድ»፣ «ኳሽድ» ወይም «ቬኬትድ» ካለ ተሰርዟል። «ሰርቭድ» ካለ ተፈጽሟል።

ምንም ካላገኛችሁ ደግሞ ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም። ያልተፈጸመ ዋራንት ለሕዝብ የማያሳዩ ሲስተሞች አሉ። ቀጣዩ መንገድ ወደ ፍርድ ቤቱ የክለርክ (የመዝገብ) ቢሮ መደወል ነው። ጠበቃ ካላችሁ እሱ ይደውል፤ ከሌለ እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው። አምስት ነገር ጠይቁ፦ የኬዝ ቁጥሩ ስንት ነው? ዋራንቱ ክፍት ነው? በምን ምክንያት ወጣ? ቦንድ (የዋስትና ገንዘብ) ተወስኖበታል፣ ስንት ነው? ለማስሰረዝ ማመልከቻ በምን መንገድ ነው የሚገባው? መልሱን፣ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ክለርኮች የሕግ ምክር እንዳይሰጡ ይከለከላሉ። «ምን ባደርግ ይሻላል?» ብትሏቸው አይመልሱላችሁም፤ «ምን ፎርም ነው የሚሞላው?» ብትሏቸው ይመልሳሉ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «ዋራንት አለብኝ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ካለ ከዚያው ከመስኮቱ ላይ ይወስዷችኋል፤ ያ ደግሞ እናንተ በመረጣችሁት ቀንና ሰዓት አይሆንም።

ጠበቃ

ክሱ እስር የሚያስከትል ከሆነና አቅም ከሌላችሁ ጠበቃ ይመደብላችኋል። ይህ መብት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ለከባድ ወንጀል ጸና፣ በ1972 ደግሞ ወደ እስር ቤት የሚያስገባ ቀላል ክስንም እንዲጨምር ሆነ። የፐብሊክ ዲፌንደር (መንግሥት የሚመድበው ጠበቃ) ቢሮ ደውላችሁ «ክፍት ቤንች ዋራንት አለብኝ፤ ራሴን ማቅረብ እፈልጋለሁ» በሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለእነሱ የዕለት ሥራቸው ነው፤ አይገርማቸውም።

የግል ጠበቃ ከያዛችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ያለ እኔ ቀርበህ ማስሰረዝ ትችላለህ?» ይሁን። በአንዳንድ ፍርድ ቤቶች በቀላል ጉዳዮች ይቻላል። ካልተቻለ ማመልከቻ ያስገባና ቀን ያስቀጥራል።

ዜጋ ካልሆናችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ጠበቃችሁን «ይህ ግሪን ካርዴን ይነካል?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ካላወቀ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። በ2025 የአይስ (የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ወኪሎች ፍርድ ቤት አካባቢ ሰው መያዝ የሚችሉበት መመሪያ ወጥቷል። ወረቀታችሁ ያላለቀ ከሆነ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ ወደ ፍርድ ቤት አትግቡ። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ዱለስ ኤርፖርት ላይ የሚቀበላችሁ የጉምሩክና የድንበር መኮንንም ስማችሁን ሲያስገባ ዋራንት ሊታየው ይችላል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጉዳዩን ዝጉት።

አንድ ነገር በፍቅር ልንገራችሁ። ፎርም የሚሞላላችሁ፣ ታክስ የሚሠራላችሁ፣ ለሁሉ ነገር የምትሮጡለት ያገራችን ሰው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጠበቃ ግን አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ የእሱን ምክር ይዛችሁ ዳኛ ፊት አትቁሙ።

ከመክፈል በፊት

ኢንተርኔት ላይ «አሁን ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ ስታዩ ለመገላገል እጃችሁ ይቸኩላል። ቆዩ። የቲኬት ቅጣት መክፈል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ እንደ ማለት ይቆጠራል። ነጥብ ይመዘገባል፤ ኢንሹራንስ ይጨምራል፤ ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ ወይም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ላላችሁ እንጀራችሁን ይነካል። ደግሞም ዋራንት ከወጣ በኋላ ቅጣቱን መክፈል ብቻውን ዋራንቱን ላይሰርዘው ይችላል። መጀመሪያ ክለርኩን ጠይቁ።

ዋራንቱ የወጣው መክፈል አቅቷችሁ ከሆነ አትፈሩ። በ1983 በቤርደን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰው አቅም ስላጣ ብቻ እንዳይታሰር ወስኗል። ዳኛው ማጣራት አለበት፤ እየቻላችሁ እምቢ ብላችሁ ነው ወይስ የላችሁም? የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ የኪራይ ውላችሁን፣ የልጆቻችሁን ቁጥር የሚያሳይ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። በየወሩ ለመክፈል ወይም በማኅበረሰብ አገልግሎት ለመተካት ጠይቁ።

ራሳችሁን የምታቀርቡበት ቀን

ማመልከቻ ገብቶ ቀን ከተሰጣችሁ በዚያ ቀን ትቀርባላችሁ። ያለ ቀጠሮ ጠዋት የሚመጣን ሰው የሚቀበሉ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ ክለርኩ ይነግራችኋል። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባለው በአንዱ፣ ጠዋት አድርጉት። ዓርብ ከሰዓት አትሂዱ። ነገሩ ካልቀናና ከያዟችሁ ቅዳሜና እሑድን እስር ቤት ማሳለፍ ይመጣል።

መኪና የሚነዳላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መንጃ ፈቃዳችሁ ሳታውቁት ታግዶ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ለመሄድ መንዳት ሌላ ክስ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው አዘጋጁ። ሁለት ሦስት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ ስልካችሁ ከተወሰደ የማንንም ቁጥር በቃላችሁ እንደማታውቁ ያኔ ነው የሚገባችሁ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፉ። ቦንድ ካለበት ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይኑር። «ካሽ ኦንሊ» ከተባለ ሙሉውን በጥሬው ነው የሚፈልጉት። በፊርማ ብቻ የምትለቀቁበት መንገድም አለና ጠበቃችሁ እሱን ይጠይቅ።

የቀራችሁበትን ምክንያት የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። የሆስፒታል ወረቀት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ አድራሻ መቀየራችሁን የሚያሳይ የኪራይ ውል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆን ብሎ ከወንጀል ቀጠሮ መቅረት ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ ዋናው ክስ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ቢሆን እንኳ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። «ሆን ብሎ» የሚለውን ቃል የሚሰብረው ያ ወረቀታችሁ ነው።

ዳኛው ፊት አጭር ተናገሩ። «ክቡር ዳኛ፣ ደብዳቤው የድሮ ቤቴ ነው የሄደው። እንዳወቅኩ ራሴ መጣሁ። ዋራንቱ እንዲነሳልኝና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። ስለ ዋናው ክስ፣ ማን እንደገጨና ስንት እንደጠጣችሁ አትናገሩ። የምትሉት ሁሉ በኋላ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

አስተርጓሚና ሰዓት

አስተርጓሚ ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ከክለርኩ ጠይቁ። የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ብላችሁ በስሙ ጥሩ፤ «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ» ካላችሁ የማትሰሙት ቋንቋ ሊመጣላችሁ ይችላል። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ለልጁም ከባድ ነው፣ ለእናንተም አደገኛ ነው። አስተርጓሚው ካልመጣ «ገብቶኛል» ብላችሁ አትለፉት፤ ቀጠሮ ይቀየርልኝ በሉ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ከዓይኔ አይጠፋም። አንድ ወዳጄ ቀጠሮው በስልክ በአማርኛ ተነገረው፤ «ዘጠኝ ሰዓት» ተባለ። ወዳጄ ሥራውን ጨርሶ፣ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 3፡00 ላይ ደረሰ። አብሬው ነበርኩ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። የችሎቱ በር ተቆልፏል። በሩ ላይ የተለጠፈው የስም ዝርዝር አልተነሳም፤ ስሙ ከላይ ሦስተኛው ላይ አለ፤ አጠገቡ ጠዋት 9፡00 ይላል። ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። በማግስቱ ስናጣራ ዋራንቱ ወጥቷል። ደግነቱ በዚያው ሳምንት ከጠበቃ ጋር ቀርቦ ተሰረዘለት፤ ዳኛው የሰዓቱን ነገር ሰምቶ አስተርጓሚውን «እውነት እንደዚህ ነው የምትቆጥሩት?» ብሎ ጠየቀ።

ስለዚህ ሰዓት ሲነገራችሁ «በፈረንጅ ነው በሐበሻ?» በሉ። ከዚያም «ጠዋት ነው ከሰዓት?» በሉ። ቀኑንም እንደዚያው አጣሩ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 03/04 ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም።

ከተሰረዘ በኋላ

ዋራንቱ መሰረዙን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳትይዙ ከሕንጻው አትውጡ። ዳኛው ሰረዘ ማለት የፖሊሱ ኮምፒውተር በዚያው ደቂቃ አወቀ ማለት አይደለም። አንዱን ኮፒ መኪና ውስጥ አስቀምጡ፣ ሌላውን በስልክ አንሱት። ከጥቂት ቀን በኋላ ክለርኩ ጋ ደውላችሁ ከሲስተሙ መውጣቱን አረጋግጡ። መንጃ ፈቃድ ታግዶ ከነበረ የሚከፈተው በፍርድ ቤቱ ሳይሆን በዲኤምቪ ነው፤ ለብቻው ይጠየቃል፣ ክፍያም ሊኖረው ይችላል። ዋናው ክስም አልሞተም። አዲሱን ቀጠሮ ቤት ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉት።

ይህን ሁሉ ሳታደርጉ ፖሊስ ቀድሞ ካገኛችሁ አትሩጡ፣ አትከራከሩ። እጃችሁ ይታይ። ስማችሁን በትክክል ንገሩ። ከዚያ ውጭ «ጠበቃ ሳላገኝ መናገር አልፈልግም» በሉና ዝም በሉ። ዳኛ ፊት እስክትደርሱ ጉዳዩን ለማንም አታስረዱ፤ በእስር ቤት ስልክም ቢሆን፤ ይቀዳል።

ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ አድራሻችሁን ለዲኤምቪም፣ ለፍርድ ቤቱም ለየብቻ አሳውቁ። አንዱ ለሌላው አይነግርም። ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አድርጉት፤ የኬዝ ቁጥሩን ከላይ ጻፉ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ኮፒ ያዙ።